በ34 ዓመቴ «ማረጥ ነው» ተባልኩ፣ መውለድ እችላለሁ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ የወር አበባሽ ከጠፋ ወራት ሆኖት፣ ኤፍኤስኤች (ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርተው አካል፣ ሲደክም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ሆርሞን) 52 ወጥቶ፣ ሐኪሙም «ያለ ዕድሜ ማረጥ ነው» ብሎ ሸኘሽ። እኔም በ33 ዓመቴ ይህንኑ ተብያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ይሄ እናቶቻችን በ50 አካባቢ ከሚያርጡት ይለያል። በብዙዎች ኦቫሪው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ አልፎ አልፎ ይነቃና እንቁላል ይለቃል። ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ሕክምና የሚያረግዙትም ለዚህ ነው። መቼ እንደሚነቃ ግን ማንም አይነግርሽም።

ለዚህ የሚታዘዘውን ምትክ ሆርሞን «መካን ያደርግሻል» ያሉሽን አትስሚ። የወሊድ መከላከያ ካልሆነ በቀር እርግዝና አይከለክልም። ኢስትሮጅን (ኦቫሪ የሚያመነጨው የሴት ሆርሞን) በዚህ ዕድሜ ሲጠፋ አጥንት ይሳሳል፣ ልብም ይጎዳል፤ ስለዚህ እንደ ጡት ካንሰር ያለ የሚከለክል ነገር ከሌለ እስከ 50 ዓመት አካባቢ ይወሰዳል። እኔ ሌሊት በላብ ርሼ ጋቢውን ስወረውር፣ ወዲያው ብርድ ይዞኝ በጨለማ ስፈልገው ነበር የማድረው። ሆርሞኑን ከጀመርኩ በኋላ ነው እንቅልፍ ያየሁት።

በራስሽ እንቁላል አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ የሚዳብርበት ሕክምና) እንሞክር ካሉሽ፣ ከመክፈልሽ በፊት «በአልትራሳውንድ የሚታይ ፍሬ (እንቁላል የያዘ ከረጢት) አለ ወይ?» በያቸው። መርፌው ያለውን ነው የሚያሳድገው፣ ከሌለ ምን ያሳድጋል? እኔን አንድ ክሊኒክ ይህን ሳይነግረኝ አስከፍሎኝ፣ መርፌውን ጨርሼ ስታይ አንዲት ፍሬ እንኳ ስላልነበረች ተቋረጠ። ከራስሽ ደም ተጣርቶ ኦቫሪ ውስጥ የሚወጋውም ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው፣ ገንዘብሽን ያዢ። ኤኤምኤች (የቀረውን የእንቁላል ክምችት የሚጠቁም የደም ምርመራ) ብቻ ዝቅ ብሎባት የወር አበባዋ በሰዓቱ የሚመጣ ሴት ግን ሌላ ናት፤ እሷ በራሷም ልታረግዝ ትችላለች፣ ባትዘገይ ይሻላታል።

ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያለው የልገሳ እንቁላል ነው። ማህፀን ከኦቫሪው ጋር አብሮ አይደክምም፤ በሆርሞን ግድግዳው ይዘጋጃል፣ እንቁላሉ በባልሽ ዘር ይዳብርና ፅንሱ አንቺው ማህፀን ውስጥ ይገባል። አርግዘሽ የምትወልጂው አንቺ ነሽ። እኔ ውጭ አገር ሄጄ እንዲህ ነው የወለድኩት። ባሌ ለመወሰን ጊዜ ወስዶበታል፣ አልፈርድበትም። አሁን ልጄን ያየ ሁሉ «ቁርጥ እናቱን!» ይላል፣ እኔም እስቃለሁ። ሕጉ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አዲስ አበባ ካለሽ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፣ በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጀምሪ። የታይሮይድና የክሮሞዞም ምርመራም አስደርጊ። ክሮሞዞሙ ተርነር የሚባለውን (ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች አንዱ የሚጎድልበትን ሁኔታ) ካሳየ ከእርግዝና በፊት ልብሽ መታየት አለበት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ደግሞ በዘር የሚመጣበት ጊዜ ስላለ እህቶች ካሉሽ ንገሪያቸው። የኔ ታናሽ በዚሁ ሰበብ ቀድማ ተመርምራ እንቁላሏን አስቀምጣለች።