«እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ»

ለአዘጋጁ፣

አዳማ ነው የምኖረው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ የግፊት ኪኒንም እወስዳለሁ። ሽንት ቤታችን ከቤት ወጣ ብሎ ግቢው ጥግ ነው። በቅርቡ ሌሊት ለሽንት ስነሣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሁለተኛው የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ በጀሶ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ለቅሶም ከለከሉኝ። «እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ነው። ከዘራም ገዝተውልኛል፤ ጎረቤት እያየኝ መያዙን ግን አፈርሁ። ልቀመጥላቸው ወይስ እንቢ ልበል?

እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦

እናቴ፣ እንኳን አተረፈዎት። እንቢ ይበሉ። ልጆችዎ የከለከሉት ቀን መውጣትዎን ነው፤ የወደቁት ግን ሌሊት፣ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ነው። ተቀምጦ የዋለ ሰው ደግሞ ጭኑ ይደክማል፣ መውደቁም ይብሳል።

ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ከእንቅልፍ ብድግ ሲሉ ደም ወደ እግር ይወርዳል። የግፊት መድኃኒቱ፣ በስኳር የተጎዳ ነርቭና የአዳማ ሙቀት በላብ ያስወጣው ውሃ ሲደማመሩ፣ ደሙ ጭንቅላት ለመድረስ ይዘገያል፤ ዓይን ይጨልማል። እግርዎን አውርደው አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይነሡ። በክትትል ቀንዎ ግፊትዎን ተኝተውም ቆመውም እንዲለኩልዎ ይጠይቁ፤ ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ መድኃኒቱ መታየት አለበት። የሚያሸና ኪኒን ማታ የሚወስዱ ከሆነም ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ያማክሩ። በራስዎ ግን ምንም አያቋርጡ።

የማታው ኢንሱሊንም ያጠራጥረኛል፤ በተለይ በጾም ወይም እራት ቀለል ባለበት ቀን ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። ሲወድቁ አልቦዎት፣ እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነበር? ስኳርዎ ከ70 በታች ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ።

ሌሊት ፖፖ አልጋው አጠገብ ይኑር፣ ባትሪ ትራስዎ ሥር። እግሩ የደነዘዘ ሰው ነጠላ ጫማ ሲወልቅበት እንኳ አይታወቀውም፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

ከዘራው? ጎረቤትማ በጀሶ የታሰረ እጅዎን ካየ ቆየ፤ አሁን ምን ቀረው! ቀጥ ብለው ሲቆሙ እጀታው አንጓዎ ላይ ይድረስ። ከረዘመ ይቆረጥ፣ ጫፉ ላይ ጎማ ይግባበት፣ በቀኝ እጅዎ ይያዙት።

ልጆችዎም ሥራ አላቸው፦ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ያስተክሉ፣ ደጁ ላይ አምፖል ይስቀሉ፣ ገበያ ሲወጡም ተራ በተራ አብረውዎት ይሂዱ።