ጥያቄና መልስ፦ የተራራ ደኖቻችን በየወቅቱ፣ ከወንዶ ገነት እስከ ባሌ

ስለ ሀገር በቀል ዛፎችና ስለ ተራራ ደኖቻችን የፈለጋችሁትን ጠይቁ ባልኩት መሠረት፣ ሐዋሳና ዙሪያዋ ካላችሁ ወዳጆች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዕድሜዬን ችግኝ ጣቢያና ደን ውስጥ ስላሳለፍኩ የማውቀውን በደስታ እመልሳለሁ። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ውጭ አገር ያለችው እህቴ በጥቅምት ወር የምትልክልኝ የኦክ ደን ፎቶ ቀይና ቢጫ ሆኖ ያምራል። የኛ ተራራ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ኦክስ እኛ ጋ አለ ወይ?

ኦክ በደኖቻችን የለም። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዛፍ ነው፤ ከ400 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው በስተሰሜን፣ እንደ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ባሉ አገሮች ነው። እህትሽ ባለችበት አገር ቅጠሉን የሚያረግፈው የቀኑ ማጠርና ብርዱ ነው። ዛፉ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ነገር አስቀድሞ ወደ ግንዱ ይሰበስባል። አረንጓዴው ቀለም ሲፈርስ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይወጣል፤ ቀዩን ደግሞ አንዳንዶቹ ዛፎች በዚያው ሰሞን የሚሠሩት ነው።

ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለኛ ዛፎች ወቅቱን የሚነግራቸው ውሃ ነው፤ በልጉ መቼ ጀመረ፣ ክረምቱ መቼ ወጣ፣ በጋው ስንት ወር ቆየ የሚለው። ደናችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው የሚል ሰው ቀረብ ብሎ ስላላየው ነው። ብሳናን እይ፤ እዚያው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ለምለሙ ቅጠል እንዳለ ሆኖ የሚረግፈው ብርቱካንማ ይሆናል። ቆርች ደግሞ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባውን ያወጣል። ሁሉም በየራሱ ቀን ስለሚለወጥ ነው ተራራው በአንድ ሳምንት ቀለም የማይቀይረው።

ግራቪሊያ የኦክ ዘመድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

አይደለም። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፤ ከኦክ ጋር ዝምድና የለውም። ቡና ውስጥ ለጥላ፣ አጥር ላይ ደግሞ ለማገዶና ለጣውላ ይጠቅማል።

ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔና ወደ ዝዋይ ስንሄድ እርሻ መሀል ያለ ትልቅ ግራር በክረምት ቅጠል አጥቶ ይታየኛል፤ በበጋ ሁሉ ሲደርቅ እሱ ይለመልማል። ታሞ ነው?

ጤነኛ ነው ወንድሜ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ገርቢ የሚሉት ግራር ነው፤ ጸባዩ ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው። ሥሩ በጣም ጥልቅ ስለሚወርድ በበጋም የከርሰ ምድር ውሃ ያገኛል። ስለዚህ ቅጠል የሚያወጣው በደረቁ ወራት ነው፤ ክረምት ሲገባ ያራግፋል። ለገበሬ ከዚህ የተሻለ ዛፍ አላውቅም። በቆሎው ፀሐይ በሚፈልግበት ጊዜ ከላዩ ጥላ የለበትም፤ የረገፈው ቅጠል እርሻውን ያዳብራል፤ ሣር በሚጠፋበት ወቅት ከብቱ የተጠማዘዘውን ብርቱካንማ ፍሬ ይለቅማል። መሬት ላይ አንዱን ፍሬ አንስተህ ብታየው እንደደረቀ የብርቱካን ልጣጭ የተጠቀለለ ነው። እርሻህ ውስጥ በራሱ የበቀለ ካለ እባክህ አትቁረጠው።

የወንዶ ገነት ደን ለሐዋሳ ምን ያደርግላታል? ሐይቁ እንደሆነ እዚሁ ነው፤ ደኑ ሩቅ ነው።

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን በደንብ ልመልስ እፈልጋለሁ። ወንዶ ገነትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፍል ውሃው ነው። ከፍል ውሃው በላይ ያለው ተራራ ግን ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ የቀረ የተፈጥሮ ደን ነው። ውስጡ ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ቀውት፣ ጥቁር እንጨት፣ ሰሳ፣ ዋንዛና ብሳና አሉ፤ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመውና ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የደን ኮሌጅም እዚያው ሥር ነው።

አሁን ውሃውን ተከተሉት። ከዚያ ተራራ የሚነሱት እንደ ወሻ ያሉ ወንዞች ወደ ጨለለቃ ረግረግ ይወርዳሉ። ከጨለለቃ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይወጣል፤ ጥቁር ውሃ ደግሞ ሐይቃችን ውስጥ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ የሚገባለት ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ሐይቁ በበኩሉ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበረ፤ ዛሬ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ያ ደለል የመጣው ከተራቆተው ተዳፋት ነው።

ሐምሌ ላይ ደን ውስጥ ገብታችሁ ቆማችሁ አስተውሉ። ዶፍ ዝናብ ቢወርድ እንኳ ከእግራችሁ ሥር ጎርፍ አይሄድም። ውሃው ከላይ ቅጠል ያርፍበታል፣ በግንዱ ይወርዳል፣ ከዚያ እጅ የሚያስገባ የበሰበሰ ቅጠል ይጠጣዋል። ከደኑ ዳር ወጥታችሁ የታረሰውን ተዳፋት ብታዩ በዚያው ዝናብ ቀይ ውሃ ቦዩን ሞልቶ ይወርዳል። በጥር ምንጭ የሚፈሰው ያ በሐምሌ የተጠጣው ውሃ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ደኑ ሩቅ አይደለም።

ባሌን ለማየት የትኛው ወቅት ይሻላል? ከሐዋሳ በየት ይኬዳል?

መንገዱ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ዲንሾ ያደርሳል፤ ቀጥሎ ሮቤና ጎባ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወቅቱ የሚወሰነው ማየት በምትፈልጉት ነው። ጠራ ያለ ሰማይ የሚፈልግ ከኅዳር እስከ ጥር ይሂድ፤ ነገር ግን ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢና ወፍራም ካፖርት ያስፈልጋል። ዲንሾ ላይ የሐበሻ ጽድና ኮሶ ታገኛላችሁ። ኮሶ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፤ የሴቷ አበባ ቀላ ብሎ እንደ ትልቅ የወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ ዛፉ እያጠረ አስታና አምጃ ብቻ ይቀራሉ። ሳነቴ በሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ጅባራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ነው።

ከሳነቴ በደቡብ በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ግን ሌላ ዓለም ነው። አስታው በሽበት ተሸፍኗል፤ የዛፍ ሽበት የምንለው ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር ማለቴ ነው። ጉም ሲያልፍ ጠብታውን ይይዛል፤ ዝናብ ሳይኖርም ከሥሩ ያለው መሬት ይረጥባል። ሪራ አካባቢ ቀርከሃ ይጀምራል፤ ከዚያ በታች የሐረና ደን ነው፣ የጫካ ቡና ያለበት። እኔን ብትጠይቁኝ በበልግ መጀመሪያ ሂዱ እላለሁ። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ ያብባል፤ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበላችኋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚረግፍ ግን ዕድል ይጠይቃል።

ኮሶ አበባ ለትል መድኃኒት ስለሆነ ከባሌ ላምጣ ወይ?

አታምጣ። አያቶቻችን ተጠቅመውበታል፤ ልኩ ካለፈ ግን ይመርዛል፣ ዓይንም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡርማ በፍጹም አይሆንም። ዛሬ ጤና ጣቢያ በትንሽ ዋጋ የሚገኝ መድኃኒት አለ። ኮሶው ደግሞ ለጣውላ በመቆረጥ ተመናምኗል፤ ይተውለት።

በየበጋው አስታ ይቃጠላል ይባላል። ማነው የሚያቃጥለው? ዛፉስ ያገግማል?

አብዛኛውን ጊዜ እረኞች ናቸው፤ ለከብት ለጋ ሣር እንዲበቅል ብለው። ለማውገዝ አልቸኩልም፤ በድርቅ ወራት ከብቱን የሚያበላው ያጣ ሰው ነው። አስታ ራሱ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ግን ወደ ዛፍነት ሳይደርስ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። አደገኛው እሳቱ ወደ ታች፣ ወደ ረጃጅሙ ደን ሲገባ ነው። ያ ደን እሳት አያውቅም፤ ዝግባና ቀረሮ እንደ አስታ አያገግሙም። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከውጭ አገር ባለሙያ እስከማስመጣት የደረሰው ለዚህ ነው።

እኔ ከሲዳማ ደጋ፣ ከሁላ ነኝ። የቀርከሃችን ችግር ለጋውን መቁረጣችን ነው ይሉናል። አንድ ዓመት የሞላው በቁመቱ ካረጀው በምን ያንሳል?

በቁመት አያንስም፤ በጥንካሬ ነው የሚያንሰው። የደጋ ቀርከሃ በዝናቡ ወቅት ከመሬት ብቅ ብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ የሚጠነክረው ግን በሦስት ዓመት ገደማ ነው። የዘንድሮው ከሥሩ የሸፈነው ቅጠል ገና አልለቀቀም፣ ቆዳውም ያብለጨልጫል። የበሰለው ቀለሙ ደብዝዞ ነጠብጣብ ይዟል። ለቤትና ለአጥር በበጋ የበሰለውን ብቻ ቁረጡ፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው የባሌ ጦጣም የሚኖረው በዋናነት የቀርከሃ ቅጠል እየበላ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ያለው ሾላ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ አለው፤ አበባው ግን የት ነው?

ፍሬ የምትሉት ራሱ የአበባ ማኅደር ነው፤ አበቦቹ በውስጡ ናቸው። አንዱን ከፍታችሁ እዩ፤ ውስጡ በደቃቅ አበባ የተደረደረ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሞተች ጥቃቅን ተርብ ታገኛላችሁ። በጫፉ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የገባችው እሷ ነች፤ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፣ ዘሩን አዳቅላ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ሾላም ሆነ ዋርካ የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ተርቧ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ሁልጊዜ የሆነ ዛፍ ፍሬ ይዞ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ነው በደረቁ ወራት ሌላው ሲያጣ ወፉም ጦጣውም ሾላ ላይ የሚሰበሰበው።

ግቢዬ ውስጥ ሀገር በቀል ዛፍ ልተክል ነው። የቱን? መቼ?

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባና ብሳና ይሆኑላችኋል። ኮሶን እርሱት፤ የደጋ ዛፍ ነው። ቶሎ ጥላ የፈለገ ዋንዛ ይትከል፤ ለልጅ ልጅ የሚያስብ ዝግባ።

ከዘር የምትጀምሩ ከሆነ እንደ ዘሩ ነው። የዋንዛን ፍሬ የሚያጣብቀውን ሥጋ አጥባችሁ አስወግዱ። የወይራን ፍሬ ጠንካራውን ቅርፊት በጥንቃቄ ሰንጥቁለት፣ አለበለዚያ ይዘገያል። የግራርን ዘር ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። የቀረሮ ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ ስለዚህ በወደቀበት ሰሞን ተለቅሞ ወዲያው ይዘራል እንጂ አይቀመጥም።

ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍራችሁ አናፍሱት፤ ተከላው መሬቱ ወደ ውስጥ ከራሰ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይሁን። ፕላስቲኩን አውልቁ። ይህን የምለው በየዓመቱ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስለማይ ነው፤ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ከክረምቱ ይልቅ ችግኝ የሚገድለው የመጀመሪያው በጋ ነው፤ ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማታ ማታ አጠጡት፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት፤ ሣሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ። ፍየል ካለ እሾህ አጥሩለት። በልጉ ሲመጣ አዲስ ቅጠል ካወጣ ማጠጣቱን መቀነስ ትችላላችሁ።