አራተኛው ጥያቄ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ቤቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «አመሰግናለሁ» ብሎኝ አያውቅም። አሁን አሁንማ ሲበላ ሳየው እንኳ ያናድደኛል። ጓደኛዬ ናይካን የሚባል የጃፓኖች ራስን የመመርመሪያ ዘዴ ሞክሪ አለችኝ። ሳነበው ግን ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ የሚጥል መሰለኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲበላ ማየት ካናደደሽ ነገሩ ከርሟል ማለት ነው።

ናይካን «ወደ ውስጥ መመልከት» እንደማለት ነው። የጀመረው ዮሺሞቶ ኢሺን የሚባል ነጋዴ ነው። መነሻው ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ የሚከለክል የቡድሂስቶች ልምምድ ነበር። ዮሺሞቶ ያን ሁሉ አስቀርቶ ሦስት ጥያቄ ብቻ ተወ፦ ከዚህ ሰው ምን ተቀበልኩ? ምን ሰጠሁት? ምን አስቸገርኩት?

«እሱስ እኔን ምን አስቸገረኝ?» የሚለው የለም። ሆን ተብሎ ነው የተተወው። አንቺን የቆረቆረሽም ይሄ ይመስለኛል። ግን እሱን ጥያቄ ማንም ሳያስተምረን አሳምረን እንመልሰዋለን። ደብዳቤሽም የእሱ መልስ ነው። (አትቀየሚኝ፤ እኔም ከባለቤቴ ጋር ስኳረፍ የሚታወሰኝ እሱ ብቻ ነው።)

በጃፓን ሰዎች ለዚህ ብለው አንድ ሳምንት ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ። የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከእናታቸው ነው። አንቺም ከባልሽ አትጀምሪ፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ማታ ማታ ሃያ ደቂቃ ወስደሽ ስለ እናትሽ ጻፊ። «ደግ ነበረች» አይበቃም። «ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሲያመኝ አዝላኝ ጤና ጣቢያ ሄደች» ዓይነት ይሁን። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ ረዘም አድርገሽ ቆዪ። ያስጨንቃል፤ ግን ፍሬው ያለው እዚያ ነው።

ከሳምንት በኋላ ወደ ባልሽ እለፊ፤ የዛሬን ውሎ ብቻ። ውሃውን ማን ቀዳ? ልጁን ማን አመጣው? ምናልባት ሁለት መስመር ነው የሚወጣሽ። ይሁን፣ ሁለቱን ጻፊ።

ደብተሩን ለእሱ አታሳዪው፤ «አንተም ሥራው» ብለሽም አታስገድጂው። የቤት ሥራው ክፍፍል ሌላ ጉዳይ ነው። ልጆቹ ሲተኙ በግልጽ አንሺበት፤ ናይካን ሳህን አያጥብም። እጁን የሚያነሳብሽ ወይም የሚያዋርድሽ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዪው። ያኔ የሚያስፈልግሽ ከጎንሽ የሚቆም ሰው እንጂ ደብተር አይደለም።

ካልሆነ ሦስት ሳምንት ሞክሪው። ከዚያ ሲበላ ስታዪው ምን እንደሚሰማሽ ጻፊልኝ።