ኮልካታ ለምን ከልብ አትወጣም?

ወንድሜ፣ «አጎቴ ለሥራ ሕንድ አገር ኮልካታ ኖሮ ከመጣ ወዲህ ስለ አገሬው ሰዎች፣ ስለ ቤንጋሊዎች፣ አውርቶ አይጠግብም፤ ከዚያ ሙቀትና ግርግር ምን አገኘ?» ብለሃል።

አጎትህ የመጀመሪያው አይደለም። ዴቪድ ሄር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በፈረንጆቹ 1800 እዚያ ገባ። ገንዘብ ሲይዝ አገሩ መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ንግዱን ትቶ የቤንጋል ልጆችን ማስተማር ሥራዬ ብሎ ያዘ። በ1817 የተከፈተውን ሂንዱ ኮሌጅ ለማቋቋም ከለፉት አንዱ ነው። በ1842 በኮሌራ ሞተና እዚያው ኮሌጅ ስኩዌር ተቀበረ።

ሰፈሩ ዛሬም መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው። ኮሌጅ ስትሪት ላይ አዲሱም አሮጌውም መንገድ ዳር ተቆልሎ ይሸጣል። እዚያው ያለው ኮፊ ሃውስ ገብተህ በአንድ ስኒ ቡና ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ግጥምና ስለ ኳስ ለሰዓታት ብትከራከር ማንም ተነስ አይልህም። (ቡናው ለእኛ ሰው ብዙም አያረካም።) ለእኔ ምስጢሩ እዚህ ነው፤ ጨዋታ ካወቅህ ባዳ አይደለህም።

ዱርጋ የምትባለው የሂንዱዎች አምላክ በዓል፣ ዱርጋ ፑጃ፣ ሲደርስ ደግሞ የኩማርቱሊ ሰፈር ባለሙያዎች ከገለባና ከጭቃ የሠሯቸው የአምላኳ ምስሎች ከተማዋን ይሞሏታል። በዓሉ ሲያበቃ ምስሎቹ ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ያ ሁሉ ልፋት!

አጎትህን በሰናፍጭ ስለሚሠራው ኢሊሽ ዓሣም ጠይቀው። ግን ጊዜ ካለህ ብቻ።