«ድረ ገጻችን ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ግን አይከፈትም»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ናቸው፤ ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለሠርግ ያዝዙኛል። ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናው ታናሽ ወንድሜ ድረ ገጽ ሠራልኝ፤ ሃያ አራት ቀሚሶች ከነፎቷቸው አሉበት። ለሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹን ለሚያስቀምጥልን ኮምፒውተር ኪራይ፣ በየዓመቱ በዶላር ክፈሉ ተባልን፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ የለንም። ስለዚህ ወንድሜ አሮጌውን ኮምፒውተራችንን ሳሎን አስቀምጦ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለሚከፍት ሁሉ የሚልክ ማሽን፣ አደረገው። በቤታችን ዋይፋይ ሲከፈት እንደ መብረቅ ነው። ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛዬ ግን ሦስት ቀን ሞክራ «አይከፈትልኝም» አለችኝ። ወንድሜ ራውተሩ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን) ላይ ፖርቱን፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚገባበትን በር፣ ከፍቻለሁ ይላል። የድረ ገጹን ስም የወንድሜ ጓደኛ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦልናል፤ ክፍያውንም እሱ ነው የፈጸመው። እቤት ማስቀመጡ ያዋጣናል ወይስ በከንቱ ነው የምንደክመው?
የሐበሻ ልብስ ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ከማውራቴ በፊት እግረ መንገድዎን ጠቅሰው ባለፉት ነገር ልጀምር፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። ስሙ በወንድምዎ ጓደኛ ኢሜይል መመዝገቡን ነው የምለው። ጓደኛው መልካም ሰው ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ ከኪሱ ከፍሎላችኋል። ነገር ግን የዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ ባለቤት የሚባለው መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው ነው። ቀሚሱን ማን ያሸምናል፣ ሱቁስ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የማውቃቸው አንድ የማር ነጋዴ አሉ። ድረ ገጻቸውን የሠራላቸው ድርጅት ስሙን በራሱ አካውንት አስመዘገበው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ድርጅቱ ተበተነ፤ የእድሳት ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ተከማቸ። በነጥብ ኮም የሚያልቅ ስም ሳይታደስ ቀርቶ ሲሰረዝ በተጨማሪ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ 5 ቀን ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። እኚህ ሰው ጉዳዩን የሰሙት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። አድራሻው የታተመበትን ወረቀት ለመላጥ የማር ጠርሙሶቻቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከሩ አንድ በአንድ በጥፍራቸው ሲፍቁ አይቻለሁ። ያን ዕለት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ ፍቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጓደኛውን ቡና ይጥሩት። ስሙን ወደ እርስዎ አካውንትና ወደ እርስዎ ኢሜይል ያዛውርልዎ፣ የከፈለውን ይመልሱለት፣ የእድሳቱንም ቀን ግድግዳ ላይ በሰቀሉት የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት። ዶላሩ ወደፊትም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በነጥብ ኢቲ የሚያልቁ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ያንን መንገድ ይጠይቁ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ሳሎን፣ ነገ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስሙ በእጅዎ እስካለ ድረስ ደንበኛዎ ቦታ መቀየርዎን እንኳ አታውቅም።

አሁን ደንበኛዎ ለምን እንዳልተከፈተላት እንይ። ወንድምዎ ፖርቱን መክፈቱ ስሕተት አይደለም፤ ከእሱ ራውተር ወዲያ ግን ሌላ በር አለ። ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ በቁጥር ይታወቃል። አይፒ ቪ4 የሚባለው የቁጥር አሰጣጥ በጠቅላላው ከ4.3 ቢሊዮን ያህል አይበልጥም፤ በዓለም አቀፉ ማዕከል የነበረው ነፃ ክምችትም እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል። ስለዚህ በብዙ አገሮች ያሉ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱን የውጭ ቁጥር ለብዙ ቤቶች ያካፍላሉ።

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ደብዳቤ የሚመጣው በአባቴ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነበር። አባቴ ራሱ ለጻፈው ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ተላላኪው ላኪውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጠረጴዛው ላይ ያደርስለታል። ማንም ሳይጠብቀው፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ የመጣ ደብዳቤ ግን መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል። የደንበኛዎ ጥያቄ የደረሰበት ይኸው ነው፤ እስከ ጋራው ሳጥን ድረስ መጥቶ የእርስዎን ቤት የሚያመለክተው አጣ። እናንተ እቤት ሆናችሁ ስትከፍቱት ግን ጥያቄው ከግቢ አይወጣም፤ ፍጥነቱም ከዚያ የመጣ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወንድምዎ የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቶ በውጭ በኩል የተሰጠውን ቁጥር ያንብብ። በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ካረፈ በጋራ ሳጥን ላይ ናችሁ፤ ፖርት ቢከፍት ቢዘጋ ለውጥ የለውም። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ከአቅራቢው ለድርጅት የሚሰጥ ቋሚ የውጭ ቁጥር በክፍያ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጥልዎት፣ ዋሻ የሚሉት ዘዴ ነው፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ውጭ ይደውልና መስመሩን ይዞ ይቆያል፤ እንግዳው ውጭ ካለው ድርጅት ጋር ይገናኛል፣ ድርጅቱም በተያዘው መስመር ወደ እናንተ ያስገባዋል። ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ይህን ያለ ክፍያ ይሰጣል። የቤታችሁ ቁጥር አይታይም፤ ወንድምዎም የከፈተውን ፖርት መልሶ መዝጋት ይችላል። ይዝጋውም። እኔ አንድ ጊዜ ከሩቅ ሆኜ ኮምፒውተሬን ለማዘዝ ፖርት 22ን ክፍት ትቼ በማግሥቱ ማን ሊገባ እንደሞከረ ኮምፒውተሩ የሚጽፍበትን መዝገብ ስከፍት «አድሚን»፣ «ሩት»፣ «ቴስት» እያሉ የይለፍ ቃል በሚገምቱ ሙከራዎች ተሞልቶ አገኘሁት። እኛን ለይቶ የጠላ ሰው የለም፤ በየቁጥሩ በር እያንኳኩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች ናቸው።

መስመሩ ቢስተካከል እንኳ ፎቶዎቹ ይቀራሉ። የቤት ኢንተርኔት ስንገዛ የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው ፍጥነት ነው፤ ለሰርቨር የሚያስፈልገው ግን የመላኪያው ነው። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን፣ ሃያ አራቱ 120 ሜጋባይት ወይም (አንድ ባይት 8 ቢት ነውና) 960 ሜጋቢት ይሆናሉ። መላኪያችሁ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አራት ደቂቃ ቀሚስ የምትጠብቅ ደንበኛ የለችም። እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ብታሳንሱት ግን ጠቅላላው በሰባት ሰከንድ ገደማ ያልቃል። የጥለቱ ውበት እንዳይጠፋ ሰፋ ያለውን ፎቶ ለብቻው አስቀምጡትና የጠርዙን ሥራ በቅርበት ማየት የምትፈልግ ስትነካው ብቻ ይከፈትላት።

መብራቱን ደግሞ ከራሴ ቤት ልንገርዎት። የእናቴን የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሦስት ዓመት ያህል ከሳሎናችን አስኬጃለሁ። እናቴ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ እኩል ታከብረው ስለነበር በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው። አየር ማስወጫው ተሸፍኖ ማሽኑ እየጋለ ራሱን ሲያጠፋ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዳንቴሉን አጠብኩና ከሥሩ አነጠፍኩት፤ እናቴም ደስ አላት።

ከዚያ የከበደው የገና ዋዜማ ነበር። መብራት ሄደ። መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚያቆይ ዩፒኤስ ስለነበረን ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ግን የተሰኩት ሌላ ዲቫይደር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ እየሠራ ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ ሞተ። ሦስቱም አንድ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ከቻላችሁ ደግሞ በዴስክቶፑ ፈንታ አሮጌ ላፕቶፕ ተጠቀሙ። 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 15 ዋት የሚበላ ላፕቶፕ ግን 11 እንኳ አይሞላም፤ ባትሪውም አብሮት አለ። ባትሪው ሁልጊዜ ተሰክቶ ሲቆይ ሊያብጥ ስለሚችል ክዳኑ ወይም ሥሩ መነሳት አለመነሳቱን በየወሩ ይዩት።

ያዋጣል ወይ ላሉኝ፣ የእናቴ እንግዶች ቀን ቀን ይደውሉ ነበርና ለእኛ አዋጥቶናል። የእርስዎ ግን ይለያል። ሽሮ ሜዳ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ ደንበኛዎ ከሥራ ገብታ፣ እግሯን ዘርግታ ቀሚስ የምትመርጥበት ሰዓት ማለት ነው። ያን ጊዜ ገጹ ቢጠፋ ተነስቶ የሚያየው ማን ነው? ስለዚህ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥምቀት ድረስ ገጹን እቤት ብቻ አታስቀምጡት። ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ያለበትን ገጽ ያለ ክፍያ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች አሉ። ወንድምዎ ያንኑ ማህደር እዚያም ይጫነው፤ ቤቱ ሲጨልም ስሙን ወደዚያ ያዞረዋል። በቀረው ወራት እቤት ይሁን፤ ለወንድምዎም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም እዚያ ማሽን ላይ አይቀመጥ፦ የደንበኞችዎ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻና የሰውነት ልክ የተጻፈበት መዝገብ። ሴቶቹ ልካቸውን የሰጡዎት አምነውዎት ነው፤ ከዚያም በላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ትእዛዙን በስልክ ይቀበሉ፤ ገጹ ቀሚሱን ያሳይ፣ ዋጋውን ይንገር፣ ስልክዎን ይስጥ። ልጆች የሚጫወቱበት ዋይፋይና ሰርቨሩም አንድ መረብ ላይ አይሁኑ፤ ብዙ ራውተሮች ለእንግዳ የሚሆን የተለየ መረብ ስላላቸው ልጆቹን ወደዚያ ያዛውሯቸው።

ወንድምዎ ይህን ሁሉ ሲጨርስ እንዲህ ፈትኑት። አብዛኞቹ ዴስክቶፖች መብራት ሲመለስ ራሳቸውን እንዲያስነሱ የሚያዝ ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ያብራው። ከዚያ ዩፒኤሱን ራሱን አጥፍቶ ሁሉም ነገር ይጨልም፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ያብራውና ኮምፒውተሩን ሳይነካ ከክፍሉ ይውጣ። እርስዎ ሱቅዎ ሆነው ዋይፋዩን ዘግተው በሞባይል ዳታ ገጹን ይክፈቱ። ቀሚሶቹ ከታዩ ለደንበኛዎ ይደውሉላት።