የጋሪ ፈረስ በብርድ ወራት መቼ ይልበስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። በዚህ በኅዳር ወር ከኮምቦልቻ አንድ የጋሪ ፈረስ ገዝቼ አመጣሁ። ማለዳ ከበረት ሳወጣው ሲንቀጠቀጥ ስለማገኘው ማታ ማታ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሼ ወገቡ ላይ በገመድ አስርለታለሁ። ጎረቤቴ ግን «ፈረስ ልብስ ከለመደ ይሰንፋል፤ ፀጉሩም ይሳሳል» ይሉኛል። ላልብሰው ወይስ ልተወው? ማልበስ ካለብኝስ እንዴት?
ባለ ጋሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ የጎረቤትዎ አባባል ከፊሉ እውነት ነው። ጤነኛ፣ በደንብ የሚበላና ፀጉሩ የደረቀ ፈረስ ብርዱን ያለ ልብስ ይችለዋል፤ ሲበርደው ፀጉሩ ይቆምና በመካከሉ የሚይዘው አየር የሰውነቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ይከላከልለታል። ልብስ ሲጫነው ግን ፀጉሩ ስለሚተኛ ይህ መከላከያ ይዳከማል፤ ስስ ጨርቅ ጣል ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ ካለማልበስ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሰንፋል የሚለው ግን መሠረት የለውም።

የእርስዎን ፈረስ ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ከኮምቦልቻ መምጣቱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ፈረስዎ ወደ 4 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ይህንንም ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ሌሊት ሌሊት ቢያለብሱት መልካም ነው። አንዳንዶች ፈረስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪም ይችላል የሚለውን የውጭ አገር መመሪያ ይጠቅሳሉ፤ ይሁን እንጂ የፈረስ ፀጉር የሚወፍረው በቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ማጠርም ጭምር ስለሆነ፣ ረጅሙና አጭሩ ቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ በሚለያዩበት በእኛ አገር መመሪያውን እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው የሚመሠረተው በፈረሱ ሁኔታና በእርጥበት ላይ ነው። ጎድኑ የሚቆጠር ከሲታ፣ ያረጀ፣ ከበሽታ ያገገመ ወይም ገና ውርንጭላ የሆነ ፈረስ መልበስ ይኖርበታል። ለደህናው ፈረስ ደግሞ ከታኅሣሥ ደረቅ ውርጭ ይልቅ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ይከፋበታል፤ የራሰ ፀጉር ይተኛልና አየር አይይዝም። በረቱ ከላይ ክዳን፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ለሚመጣው ነፋስም ግርዶሽ ካለው ብዙውን ጊዜ ልብስ አያስፈልገውም።

አሁን የሚያለብሱትን የማዳበሪያ ጆንያ ግን ዛሬውኑ ቢተዉት እመክራለሁ። ላቡንና የሰውነቱን እንፋሎት አፍኖ ስለሚይዝ ቆዳው ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል፤ ማለዳ የሚያዩትን መንቀጥቀጥ ይህ ሊያብስበት ይችላል። ከበግ ፀጉር የተሠራ አሮጌ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ከደረቱ ፊት ገጥሞ እስከ ጭራው ሥር የሚደርስ ይሁን። ወገብ ላይ ብቻ በገመድ ማሰር ሁለት ጉዳት አለው፤ ጠብቆ ከታሰረ ቆዳውን ይልጣል፣ ላልቶ ከታሰረ ደግሞ ፈረሱ ሲንከባለል ልብሱ ሆዱ ሥር ዞሮ እግሩን ይጠልፈዋል። በገመድ ፋንታ ሰፋ ያለ መቀነት መሰል ጨርቅ ደረቱ ላይና ሆዱ ሥር ይስፉለት፤ በመቀነቱና በሆዱ መካከል መዳፍዎ በቀላሉ ይግባ። ለጋማው መጨረሻ፣ ለትከሻውና ኮርቻው ለሚያርፍበት ቦታ ልዩ ትኩረት ይስጡ፤ የጋሪ ፈረስ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ልብሱም ያንኑ ቦታ ከፈገፈገው አይድንም።

ልብሱ መብዛት አለመብዛቱን ጆሮውን በመዳሰስ ማወቅ አይቻልም፤ ጆሮ ሳይበርደውም ይቀዘቅዛል። እጅዎን ከልብሱ ሥር ወደ ትከሻው ያስገቡ፤ ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው፣ እርጥበት ካለ ግን ወዲያው ይግፈፉት። ፀሐይ እንደወጣች ልብሱን አውልቀው ያስጡት፣ ጀርባውንም በብሩሽ ያሹት። የሌላ ሰው ፈረስ የለበሰውን ተውሰው አያልብሱ፤ በቁስል የሚተላለፉ የቆዳ በሽታዎች በጋሪ ፈረሶች ዘንድ ብዙ ናቸውና።

ከሥራ የተመለሰ፣ ላብ ያሰመጠው ፈረስ ሌላ ጉዳይ ነው። የደሴን ዳገት ወጥቶ እንደቆመ በነፋስ ከተመታ ለብርድ ይጋለጣል። ጋሪውን ፈትተው ትንፋሹ እስኪረጋ ቀስ እያሉ ያንሸራሽሩት፣ በደረቅ ጭድ ወይም በቃጫ ጆንያ አሹት፣ ባናውን ጣል ያድርጉለት፣ ላቡ ሲደርቅ ያንሱት። በቦርከና ወንዝ ፈረስ ማጠብም በብርድ ወራት ለቀትር ይቆይ።

ከልብሱ ሁሉ የሚቀድመው ግን መኖ ነው። ድርቆሽና ጭድ በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላሉ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ገብስና ፉርሽካ ጉልበት ቢሰጡም በዚህ ረገድ ድርቆሽን አይተኩም። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ በብርድ ጊዜ ከዚህ ይጨምሩለትና አብዛኛውን ማታ ይስጡት። ማለዳ የበረደ ውሃ ትንሽ ብቻ ጠጥቶ ይተዋል፤ ይህም ለሆድ ድርቀት ስለሚያጋልጠው ለብ አድርገው ያቅርቡለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎለት አሁንም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ መኖ ከተወ፣ ሆዱን ዞር እያለ የሚያይ ከሆነ ወይም በፊንጢጣው የተለካው ሙቀት ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ጉዳዩ የልብስ አይደለምና ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።