«ይክፈቱ» ወይስ «ክፈት»? አዝራሩ ላይ የሚናገረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የሞባይል መተግበሪያ እንሠራለን። አዲስ ስሪት ሲወጣ ለተጠቃሚው መልእክት ይመጣለታል፤ ከመልእክቱ ሥር ያለው አዝራር ደግሞ በዲፕ ሊንክ (ሌላ መተግበሪያ ውስጥ ወዳለ ገጽ በሚወስድ አገናኝ) በቀጥታ ፕሌይ ስቶር ያደርሰዋል። አዝራሩ ላይ ‹ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ› ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ክፈት› ይበቃል ትላለች። ሌላው ባልደረባችን ሴት ተጠቃሚን ‹ክፈት› ማለት ነውር ነው ይላል። መልእክቱ ውስጥ ያለው ‹ለመጫን ይጫኑ› የሚለውም አላስማማንም። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ የተከራከራችሁት ስለ አክብሮት ነው። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ተናጋሪው ማን ነው? በአማርኛ ትእዛዝ ስንሰጥ አድማጩን ሳንለይ ማለፍ አንችልም። ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ ብንል ለማን እንደምንናገር ግሡ ራሱ ያሳብቃል።

አንድ የስልክ ገጽ ላይ ሁለት ተናጋሪዎች አሉ። መልእክቱን የሚናገረው መተግበሪያው ነው፤ የሚናገረውም ለሰው ስለሆነ «እርስዎ» ማለቱ ተገቢ ነው። አዝራሩ ላይ ያለው ቃል ግን የተጠቃሚው ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ለስልኩ የሚሰጡት ቃል። ለዚህ ማስረጃው በየቀኑ የምንነካቸው «እሺ» እና «ይቅር» ናቸው። «እሺ» የተጠቃሚው መልስ ነው፤ አዝራር ላይ «እሺ ይበሉ» ተብሎ አይጻፍም። በዚህ ሕግ ከሄድን ባልደረባዎ ትክክል ናት። «ክፈት» ለስልኩ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ አዝራሩን የምትነካው ሴትም አዛዥ እንጂ ታዛዥ አይደለችም።

ሆኖም የሌላው ባልደረባችሁ ቅሬታ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። አንባቢ ገጹን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው። «አዲስ ስሪት ወጥቶልዎታል» የሚለውን አንብቦ ወዲያው «ክፈት» ሲያይ፣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረዱበት ይመስለዋል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ጾታዋም ተስቷል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሁለቱንም ትቶ ተደራጊውን ዘንድ አንቀጽ፣ ማለትም አድራጊውን ሳይጠራ «ይደረግ» የሚለውን የግሥ ቅርጽ ነው፦ «ይከፈት»። ጾታ አይለይም፣ ማዕረግ አይነካም፣ ከጎኑ ከሚቀመጠው «ይቅር» ጋርም በቅርጽ ይስማማል። አደራ የምለው ፊደሉን ነው። «ከ» በግዕዝ መጻፍ አለባት። በሳድስ «ይክፈት» ካላችሁ «እሱ ይክፈት» ማለት ይሆናል።

አሁን ወደ ሊንኩ እንምጣ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሣ አንድ ስሕተት እዚያ አለ። ዲፕ ሊንክ የሚያደርሰው የመደብሩ የፊት ገጽ ላይ አይደለም፤ ውስጥ ገብቶ የእናንተን መተግበሪያ ገጽ ነው የሚከፍተው። የአንድሮይዱ አድራሻ «ማርኬት» በሚል ቃል ይጀምራል (መደብሩ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 አንድሮይድ ማርኬት ይባል ስለነበር ቃሉ እዚያው ቀርቷል)፤ ከዚያም የመተግበሪያው መለያ ይከተላል። «ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ» ሲባል በ«ን» ምክንያት የሚከፈተው መደብሩ ራሱ ነው። ያነበበ ሰው መደብሩ ገብቶ መተግበሪያውን በስሙ መፈለግ ያለበት ይመስለዋል። «በፕሌይ ስቶር ይከፈት» ብትሉ ግን መደብሩ ቦታው፣ የሚከፈተው ደግሞ ገጹ ይሆናል፤ ሊንኩ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። በአይፎን ላይ «በአፕ ስቶር ይከፈት» መሆን አለበት። በንግግር ብዙ ሰው ሁሉንም «ፕሌይ ስቶር» ቢልም፣ ጽሑፉ ስልኩ ላይ የሚታየውን ስም መከተል ይኖርበታል።

«ለመጫን ይጫኑ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ የከፋው ነው። «ጫነ» አለ፤ አህያ ላይ እንደምንጭነው ሁሉ መተግበሪያንም ስልክ ላይ መጫን የምንለው ከእሱ መጥቶ ነው። «ተጫነ» አለ፤ በጣት አዝራርን መጫን። የመጀመሪያው በአክብሮት «ይጫኑ» ሲባል «ጫ» ይላላል፤ የሁለተኛው ይጠብቃል። «መጫን» ላይም እንደዚሁ ነው። በአፍ ሲነገር ማንም አይሳሳትም። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። እናንተ የጻፋችሁት ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ አራት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፤ ከአራቱ የታሰበው አንዱ ብቻ ነው። መውጫው ቀላል ነው። ለጣቱ ሥራ «ይንኩ» በሉ፣ «መጫን»ን መተግበሪያ ስልክ ላይ ለማስገባት ብቻ ተዉት። ደግሞስ መልእክቱ የሚደርሰው መተግበሪያውን አስቀድሞ ለጫነ ሰው አይደል? እንግዲያው «መጫን» እዚህ ጨርሶ አያስፈልግም፦ «አዲስ ስሪት ወጥቷል። ለማዘመን ከታች ያለውን አዝራር ይንኩ።»

የቀረው ሊንኩ ሳይሠራ ሲቀር የሚታየው ጽሑፍ ነው። ፕሌይ ስቶር የሌለባቸው የአንድሮይድ ስልኮች አሉ፤ ከእ.ኤ.አ. 2019ኙ የአሜሪካ እገዳ በኋላ የወጡት የሁዋዌ ስልኮች አፕጋለሪ የሚባለውን የራሳቸውን የመተግበሪያ መደብር ይዘው ይመጣሉ። በ«ማርኬት» የሚጀምረውን አድራሻ የሚቀበል መተግበሪያ ስልኩ ላይ ከሌለ፣ ፕሮግራሙም ለዚህ ካልተዘጋጀ፣ መተግበሪያችሁ ተቋርጦ ይዘጋል። የተለመደው መፍትሔ ስሕተቱ ሲፈጠር ፕሮግራሙ ሳይዘጋ የመደብሩን የድረ ገጽ አድራሻ እንዲከፍት ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ «መክፈት አልቻሉም» የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ይህ ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ ይጥላል። እሳቸው ምን አጠፉ? አዝራሩን ነኩ እንጂ። «መክፈት አልተቻለም» ሲባል ማንም አይወቀስም፤ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አይናገርም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «በዚህ ስልክ ላይ ፕሌይ ስቶር አልተገኘም፤ ገጹ በብራውዘር ይከፈታል።»